ቀዩ ከርከዴ
በሳዑዲ አረቢያዋ ዳማም ከተማ፣ በአል ፈይሰሊያ ሰፈር፣ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እኔ የምመርጠው ለስላሳ ሳይሆን በበረዶ የቀዘቀዘ ከርከዴ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የደረቀውን ቀይ አበባ (በእርግጥ አበባው ሳይሆን ፍሬውን የሸፈነው ክፍል ነው) በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ይበቃል። ስለሚኮመጥጥ ስኳር ያስጨምራል፤ ስኳር ማብዛት ግን ጥቅሙን ማጥፋት ነው። ሱዳኖችና ግብፆች ለእንግዳ ያቀርቡታል፤ አሶሳ የኖረም ያውቀዋል። የጤና ጥቅሙን በተመለከተ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 65 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ለ6 ሳምንት በቀን 3 ኩባያ ከርከዴ የጠጡት ሰዎች የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ 7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወርዷል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታዘውትሩት።