ስለ ደብልዩ ቦዞን መጠነ ቁስ የቀረበ አንድ ጽሑፍ

የሲዲኤፍ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡትን ጽሑፍ እዚህ ጅቡቲ ከተማ ከመምህርነት ሠልጣኞቻችን ጋር አንብበነዋል። ቴቫትሮን የተባለው የአሜሪካ የቅንጣት ማላተሚያ በ2011 እስኪዘጋ ከተሰበሰበው መረጃ ተነሥተው፣ ከፕሮቶን 86 ጊዜ ያህል የሚከብደው የደብልዩ ቦዞን መጠነ ቁስ 80,433.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው ይላሉ። የስሕተት ወሰኑ 9.4 ብቻ ነው። ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው ግን 80,357 ገደማ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። ደብልዩ ወደ ኤሌክትሮን ወይም ወደ ሙዮን ሲፈርስ አብሮ የሚወጣው ኒውትሪኖ ሳይያዝ ያመልጣል። ስለዚህ ከአራት ሚሊዮን በላይ ክስተቶች የተያዘውን ቅንጣት ሞመንተም ለክቶ፣ ከስርጭቱ ቅርጽ መጠነ ቁሱን ማውጣት ግድ ነው። ከሁሉ የወደድንላቸው ግን ሥሌቱ እስኪያልቅ ውጤቱን ከራሳቸው መሰወራቸው ነው፤ በቁጥሩ ላይ የማያውቁት ልዩነት ተጨምሮበት ነበር።

ቅር ያለን፣ ከአትላስ የ2017 ልኬት፣ ማለት ከ80,370፣ ለምን እንደ ራቁ አጥጋቢ ማብራሪያ አለማግኘታችን ነው። በ2024 ደግሞ ሲኤምኤስ 80,360.2 አገኘ፤ ወሰኑም 9.9 ነው። እንዲህ የጠበበ ወሰን ይዘው ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ቢያንስ አንደኛው ስሕተቱን አሳንሶ ገምቷል ማለት ነው።

ቢሆንም ያገኙትን አልደበቁም። የኛ ሠልጣኞች በፔንዱለም 9.2 አግኝተው 9.8 ብለው የሚጽፉት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማርማችንን ፈርተው ነው። በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ማስመሪያ እንሰጣቸዋለን፤ ስንት እንደ ተቆረጠ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።