የስኮትላንድ ባግፓይፕና የመምህር አፍ
በስኮትላንድ ደጋ አገር፤ ባግፓይፕ በሚባለው ባለ አቅማዳ ዋሽንት ከሚነፋው ሁሉ የሚከብረው ፒብሮክ የተባለው ዜማ ነው። መሠረቱ አስቀድሞ በዝግታ ይነፋል፤ ከዚያ እየተለዋወጠ ይራቀቃል፤ በመጨረሻም ወደ መሠረቱ ይመለሳል። መሣሪያው ድምፅን ማጉላትና ማለስለስ አይችልምና ጣዕሙ ሁሉ በማስረዘምና በማሳጠር ላይ ነው። ስለዚህ የጥንቱ መምህር ዜማውን በቃሉ እያዜመ ለደቀ መዝሙሩ ያቀብል ነበር።

በ1903 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፒብሮክ ማኅበር ዜማዎቹ እንዳይጠፉ በኖታ ስላሳተመ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ለውድድር የሚነፉ ብዙዎች የታተመውን ብቻ ስለ ተከተሉ የየመምህሩ መንገድ ሳሳ፤ ኖታም የመርዘሙንና የማጠሩን ልክ ሁሉ መናገር አይችልም።

የእኛም የዜማ ምልክት ለማስታወሻ እንጂ ለመምህር ምትክ አልተሠራም። እንግዲህ ፒብሮክን የሚወድ ሁሉ መጽሐፉን ይያዝ፤ ጆሮውን ግን ለመምህሩ ይስጥ።