ሌባው ከመታወቁ በፊት

በጉርድ ሾላ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለሚያስተምር ሰው የመጀመሪያው ፈተና የደቀ መዛሙርቱ ችኮላ ነው፤ ታሪኩ ገና ሁለት ገጽ ሳይሄድ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ሌባው ማነው?» የሚል ድምፅ ይነሣል፣ ስሙ ከተነገረ በኋላም በምን እንደ ተደረሰበት የሚጠይቅ አይገኝም። በእነርሱ ብቻ ግን አልፈርድም፤ አባቶቻችንም ሌባ ሻይ በተባለው ሥርዐት ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው፣ ሰክሮ ከወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ሲያስከፍሉ፣ በእጃቸው የነበረው ስም እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ስለዚህ ከለንደን አልነሣም። ከሰማኒያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ የሶስናን ታሪክ አስቀድሜ፣ ነቢዩ ዳንኤል ሁለቱን ረበናት ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ እንዴት በገዛ አንደበታቸው እንዳጋለጣቸው፣ ቀጥሎም በቤል ቤተ ጣዖት ወለል ላይ አመድ አስነስንሶ የካህናቱን፣ የሚስቶቻቸውንና የልጆቻቸውን የእግር ዱካ እንዴት ለንጉሡ እንዳሳየ እተርካለሁ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በ1928 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀችው የምርመራ ታሪኮች መድበል እነዚህን ሁለቱን ማስገባቷን ስነግራቸው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ደረታቸውን ይነፋሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮናን ዶይል የሚመጣው። በ1892 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ ሲልቨር ብሌዝ የተባለው የእሽቅድምድም ፈረስ የጠፋበትንና አሠልጣኙ ሞቶ የተገኘበትን ታሪክ በአማርኛ መልሼ፣ አባዝቼ፣ የመጨረሻውን ቅጠል ብቻ አስቀርቼ አድላቸዋለሁ። የእንግሊዝ ረግረጋማ ሜዳና የፈረስ ቁማር ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ ውሻው ግን አንዳች አይፈልግም። ከባቡሩ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ጊቢዎች ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ እየሰሙ ያደጉ ልጆች፣ በዚያች ሌሊት ውሻው ዝም ማለቱን ሲያነቡ፣ የገባው የቤት ሰው መሆኑን ሼርሎክ ሆምስ ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። በፈረሱ ጠባቂ እራት ውስጥ የተጨመረው ኦፒየምም እንዲሁ ነው፤ ቅመም የበዛበት ወጥ የመድኃኒትን ጣዕም እንደሚሸፍን፣ እራቱንም የሚወስን ባለቤቱ እንደ ሆነ ከእናቶቻቸው ጓዳ ያውቁታል። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ ያነበብነውን በቀኝ፣ የገመትነውን በግራ እጽፋለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ያለ ማስረጃ መሻገር ክልክል ነው።

የመጨረሻው ቅጠል ሲታደል ግን ሁከት ይሆናል፤ ገዳዩ ፈረሱ ራሱ ነውና። እኩሌቶቹ ራሱን ስለ ተከላከለ ነጻ ይውጣ ሲሉ፣ የቀሩት ደራሲው አታለለን ብለው ያጕረመርማሉ፤ ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ገጽ እመልሳቸዋለሁ። ማርክ የሚያገኘውም ምልክቱ የተቀመጠበትን ገጽ ጠቅሶ ያሳየ ነው፤ ስሙን በዕድል የገመተ ባዶውን ይመለሳል፣ ይህም በየዓመቱ ክርክር ያስነሣብኛል።