ፊርማውና ጠመንጃው

የታሚሉ ፊልም አዘጋጅ ኤች. ቪኖት በማታለል ሙያ ላይ ያነጣጠሩ ሁለት ፊልሞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የበኩር ሥራው «ሳቱራንጋ ቬታይ» የቼዝ አደን እንደ ማለት ነው። በጥር 2023 የታየው «ቱኒቩ» ደግሞ ድፍረት ማለት ሲሆን፣ በ2014 ከወጣው የእኛው «ድፍረት» ጋር ግን ከስም በቀር ዝምድና የለውም።

በበኩር ሥራው ናታራጃን ሱብራማኒያም የሚጫወተው አጭበርባሪ ጋንዲ ባቡ ይባላል፤ የቅዱስ ስም ለሌባ መስጠቱ ራሱ ቀልድ ነው። ሰውዬው ለአንድ ነጋዴ ባለ ሁለት ራስ እባብ ሀብት ያመጣል ብሎ ይሸጥለታል፤ ቆይቶም የቤተ መቅደስ ጉልላት የሩዝ ፍሬ ይስባል እያለ ሌሎችን ያታልላል። ተመልካቹ በተታላዩ ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ እሱም ንግግሩን ማመን ጀምሮ እንደነበረ ይገባዋል። የፊልሙ ብርታት ይህ ነው። አታላዩ በፍቅር ተለውጦ በገጠር የሚኖርበት ክፍል ግን የላላ ነው።

«ቱኒቩ» አጂት ኩማርን ጠመንጃ አስይዞ ባንክ ውስጥ ያስገባዋል። 5 ቢሊዮን ሩፒ ሊዘረፍ ነው ሲባል፣ ትልቁ ዘራፊ ባንኩ ራሱ ሆኖ ይገኛል፤ አስቀማጮች ሳያውቁት ቁጠባቸው ለኪሳራ በተጋለጠ የኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ገብቷል። ሐሳቡ ከበኩር ሥራው ይልቃል። ሆኖም ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚጠጋው ፊልም ለአስቀማጩ የተረፈው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሌላውን ተኩስ ወስዶታል።

ገዳሪፍ ላይ ሆኖ ይህን ለሚያይ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ«ሸይል» ልማድ ነጋዴው በክረምት ብር ያበድራል፤ በመከር ጊዜ ሰሊጡንና ማሽላውን አስቀድሞ በተቆረጠ ርካሽ ዋጋ ይረከባል። በ1990ዎቹ የሱዳን ግብርና ባንክ ያስፋፋው «ሰለም» የተባለው ውልም ገንዘቡን አስቀድሞ ሰጥቶ እህሉን በመከር የሚቀበል ነው። ዋጋው ከሲሶ በላይ ሲዛባ ተጎጂው የሚካስበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ገብቷል፤ አንቀጹ የሚጠቅመው ግን መኖሩን ለሚያውቅ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ዕዳው አይጠፋም፤ ከመተማ ተሻግሮ ለአረምና ለአጨዳ ሲመጣ የኖረው ሠራተኛ ደመወዝም የሚወጣው ከዚሁ በዕዳ ከተያዘ እጅ ነው።

የቪኖት ጉድለት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በበኩር ሥራው ሰው የሚታለለው ስለ ጎመጀ ነው፤ በ«ቱኒቩ» ደግሞ ሻጩን ስላመነ። ለዘርና ለትራክተር ኪራይ ብር ያጣው ገበሬ ግን አልጎመጀም፣ አበዳሪውንም አላመነም። ዋጋው እንደሚጎዳው እያወቀ ይፈርማል፤ ሐምሌ ገብቷልና። ይህ ሰው በሁለቱም ፊልሞች ውስጥ አንድ ትዕይንት እንኳ አላገኘም።