በቃሊቲ በእሳት ስለሚሣሉ መንፈሳውያን ሥዕሎች

ስለ ብራና፣ ስለ ግድግዳና ስለ ገበታ ሥዕላችን ብዙ ተጽፏል። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት አርእስት ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ለተማሪው መመሪያ ነው። በጋለ ብረት በእንጨት ላይ ስለሚሠራው መንፈሳዊ ሥዕል ግን ተመራማሪው ወይ ዝም ይላል፣ ወይም «የገበያ ጌጥ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህ ሥራዎች በራሳቸው ሕግ ሊመረመሩ ይገባል የሚል ነው። ሳይመረምሩ ማቃለልም ሆነ ሳይመረምሩ ማመስገን ሠሪውን አይጠቅመውም።

ለምርመራ የመረጥኋቸው ሦስት ሥራዎች በቃሊቲ፣ ወደ ቢሾፍቱ ከሚወስደው መንገድ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት የተሠሩ ናቸው። ሠሪው የዋንዛ ጣውላ ይልጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ንድፉን በእርሳስ ያሳርፋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት እንደ ብዕር ይዞ መስመሩን ይተኩሳል። ብረቱ ፈጥኖ ሲያልፍ ቡናማ፣ ሲዘገይ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ የተሳሳተ መስመርም አይታረምም። በጋለ ብረት ዕቃ ማስጌጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ቅልና የእንጨት ዕቃ እንዲህ ያጌጣል። አዲሱ ነገር በዚህ ብረት የቅዱሳን መልክ መሣሉ ነው። ፍሬ ጽዮን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሣላቸው ዓይነት የገበታ ሥዕሎች እንጨቱ በነጭ ልባስ ተሸፍኖ ቀለሙን ይሸከማል እንጂ አይታይም። እዚህ ግን የሚታየው እንጨቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሠሪው ያለው ሀብት ሁለት ብቻ ነው፤ እሳት የነካውና እሳት ያልነካው።

የመጀመሪያው ሥራ ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው። የዚህ ሥዕል መነሻ በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል እንደ ሆነ፣ ቅጂውም በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ አገራችን እንደ ገባ ይታወቃል። ሠዓሊዎቻችን ግን እንዲያው አልገለበጡትም። ዓይኖቿን አስፍተው፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በቀኝና በግራ አቁመው የራሳቸው አደረጉት። እንግዲህ ከውጭ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። የቃሊቲው ሥራ ጉድለት ሌላ ነው። እመቤታችን በግራ እጇ የምትይዘው መሐረብ ከቀሚሱ እጥፋት ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል፤ ወደ ታች የተዘረጉት ሁለት ጣቶቿም ትርጕም አጥተዋል። ሠሪው ከደበዘዘ የወረቀት ቅጂ በመነሣቱ ያየውን መስመር ሣለ እንጂ መስመሩ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም።

ሁለተኛው በሚላኖ ያለው የሊዮናርዶ የመጨረሻ እራት ቅጂ ነው። በገበያ እጅግ የሚፈለግ መሆኑን ሠሪው ነግሮኛል፤ በእኔ ግምት ግን ከሦስቱ ደካማው ይህ ነው። የጣልያኑ ሠዓሊ በቀለም ያገኘውን የብርሃንና የጥላ መዋሐድ በብረት ለማግኘት ሲባል ጣውላው ሁሉ ጠይሟል። የሚብሰው ግን ይህ አይደለም። በእኛ ሥዕል ሥርዐት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይታያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። በሊዮናርዶ ገበታ ግን በርተሎሜዎስና ስምዖን በጎን ተቀምጠዋል። እንዲያው ሲገለበጡ የጥንቱን ሥርዐት በሚያውቅ ተመልካች ፊት ሐዋርያት ከይሁዳ ወገን ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሥርዐቱ ፈረሱን ነጭ አድርግ ይላል፤ እሳት ደግሞ ነጭ ቀለም የለውም። ሠሪው በፈረሱ ዙሪያ ያለውን መደብ አጥቁሮ፣ ዘንዶውን ከሰል አስመስሎ፣ ፈረሱን ምንም ሳይነካ ተወው። ፈረሱ የተሠራው በመተው ነው። በሥራ ቤቱ ሳለሁ አንዲት አሮጊት እናት ይህን ሥዕል አይተው፣ «ልጄ፣ የጻድቁን ፊት በብረት መተኮስ አይከብድህም?» ቢሉት፣ «እማማ፣ እኔ የምተኩሰው ጥላውን ነው፤ ፊቱንማ አልነካውም» ሲል መለሰላቸው። የዚህ ጥበብ ሕግ በዚህ መልስ ውስጥ አለ። ሠሪው በእራቱ ሥዕል ሕጉን ረስቷል፤ በጊዮርጊስ ግን ጠብቆታል።

ለሕዝብ ጥናት ተማሪም የሚጠቅም ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከካህናትና ከደብተራዎች ዘንድ የሚወጣ የተከበረ ሥራ ሲሆን፣ በእሳትና በብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ዛሬ እነዚህ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ሙያዎች በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል።

ይህ ግንኙነት እንዲጸና ግን ቅጂ አይበቃውም። በኮምፒዩተር የሚመራ የሌዘር መሣሪያ ያንኑ እራት ከሰው እጅ ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል፤ ቅጂ ብቻ የሚሸጥ ሠሪም በርካሽነት ሊወዳደረው አይችልም። እንጀራው የሚጠበቅለት መሣሪያው በማያውቀው ማስተዋል፣ ምን እንደሚተኮስና ምን እንደሚተው በመለየት ነው። ለዚህም የሚስማማ አርእስት ሞልቷል። በእቶን እሳት ተጥለው ያልተቃጠሉት ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሊቃውንት ለእመቤታችን ምሳሌ የሚያደርጓት፣ እየነደደች ያልተቃጠለችው ዕፀ ጳጦስም አሉ። ከእነዚህ አንዱንም በዚያ ሥራ ቤት አላየሁም።

በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የጥንቱን የገበታ ሥዕል በቤተ መዘክሩ ሰብስቦ ባያቆይልን ኖሮ ብዙ ነገር ባመለጠን ነበር። የተተኮሰ መስመርም ለፀሐይ ብርሃን ሲጋለጥ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከእነዚህ ሥራዎች ጥቂቶቹን፣ ደካሞቹንም ጭምር፣ ከእንጨታቸው ዓይነት፣ ከተገለበጡበት ቅጂና ከሠሪው ቃል ጋር እንዲመዘግቡ አሳስባለሁ።