ቃላት በአካል ላይ ሲደረደሩ

ስለ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል ማንበብ ለሚፈልግ ብዙ ጥሩ መጻሕፍት አሉ። አብዛኛው አንባቢ ከግለ ታሪክ ይጀምራል። እኔ አስቀድሜ የምጠቁመው ግን መዝገበ ቃላት ነው፤ በዋሽንግተኑ ጋሎዴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው «የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በሥነ ልሳን መርሆች»። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አዘጋጆቹ ሦስት ናቸው፦ ዊልያም ስቶኪ፣ ዶሮቲ ካስተርላይንና ካርል ክሮነበርግ። ስቶኪ የሚሰሙ ሰው ነበሩ፤ በ1955 ወደ ጋሎዴት የመጡትም እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው። ካስተርላይንና ክሮነበርግ መስማት የተሳናቸው ምሁራን ነበሩ።

መጽሐፉን ሲገልጡት ዓይን የሚይዘው አደራደሩ ነው። ቀደም ያሉት የምልክት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ቃል ይነሱና እጅ ምን እንደሚያደርግ ከጎኑ ያስረዱ ነበር። አንድ ምልክት አይቶ ትርጉሙ የጠፋበት ሰው በእነሱ ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም። ከየት እንደሚጀምር አያውቅማ። በዚህኛው መጽሐፍ ግን መነሻ አለው። እጁ የት እንዳረፈ ይመለከታል። ምን ቅርጽ እንደያዘ ይመለከታል። እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ይመለከታል። በዚሁ ቅደም ተከተል ሄዶ ገጹን ያገኛል። እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ማውጫ ሆኖ ተቀምጧል።

አደራደሩ ያረፈበትን መሠረት ስቶኪ በ1960 ባወጡት አነስተኛ ጥናት ጥለውት ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ ምሁራን ምልክትን የማይነጣጠል ሥዕል፣ በአየር ላይ የሚሣል ነገር አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ስቶኪ ፈታቱት። እያንዳንዱ ምልክት ቦታ፣ የእጅ ቅርጽና እንቅስቃሴ አለው አሉ። ከዚያም የሦስቱን ዓይነቶች ለቀሙ፤ 12 ቦታዎች፣ 19 የእጅ ቅርጾች፣ 24 እንቅስቃሴዎች ሆኑ። ድምሩ 55 ነው። መዝገበ ቃላቱ በሙሉ የተጻፈው በእነዚህ 55 መለያዎችና በጥቂት ተጨማሪ ነጠብጣቦችና ሰረዞች ነው።

አንዷን ምልክት ቀረብ ብለን እንያት። አምስቱን ጣቶች ዘርግቶ የአውራ ጣትን ጫፍ አገጭ ላይ መንካት «እናት» ማለት ነው። እጁ ሳይለወጥ ወደ ግንባር ሲወጣ «አባት» ይሆናል። ያው እጅ፣ ያው ንክኪ፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጠቋሚ ጣትን ዘርግቶ ወደ ጎን እየሳቡ ማጠፍ ግንባር ላይ ሲሆን «በጋ»፣ አፍንጫ ሥር ሲሆን «አስቀያሚ»፣ አገጭ ላይ ሲሆን «ደረቅ» ነው። በአንድ ፊት ላይ፣ በጥቂት ጣቶች ርቀት፣ ሦስት የማይገናኙ ቃላት። ቦታ ትርጉም እንደሚለይ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የፊደል ገበታ ያጠና የአማርኛ አንባቢ ይህን አሠራር ቶሎ ይይዘዋል። ለ፣ ሉ፣ ሊ ስንል የፊደሉ አካል አንድ ነው፤ ድምፁን የምትለውጠው ከጎኑ የምትቀጠለው ትንሽ ጭረት ናት። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደልም በዚሁ ስልት ተሠርቷል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፤ የእጁ አያያዝና እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል በሠላሳ ምናምን የእጅ ቅርጽ ይዳረሳል። እኔ ይህን በጣም የታሰበበት ሥራ እለዋለሁ።

ወደ መዝገበ ቃላቱ ልመለስ። ለእጅ ቅርጾቹ መለያ ሲመረጥ አዲስ ነገር አልተፈለሰፈም። መስማት የተሳነው አሜሪካዊ ሁሉ የሚያውቀው የጣት ፊደል አለ፤ ከእሱ ላይ ፊደሎችና ጥቂት ቁጥሮች ተወሰዱ። ሲወሰዱ ግን ተነጥረዋል። በጣት ፊደል ውስጥ «ኤ»፣ «ኤስ» እና «ቲ» ሦስቱም ጡጫ ናቸው። በ«ኤ» አውራ ጣት ከጡጫው ጎን ይቆማል። በ«ኤስ» በጣቶቹ ፊት ያልፋል። በ«ቲ» በጠቋሚና በመሃል ጣት መካከል ይገባል። የአንድ ጣት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ፊደል ለመቁጠር ያስፈልጋል፤ በምልክቶቹ ውስጥ ግን አንዱን ቃል ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ሦስቱ በአንድ መለያ ሥር ገቡ። የሥነ ልሳን ባለሙያ በሚነገር ቋንቋ ድምፆች ላይ የሚያደርገውን ነው በጡጫ ላይ ያደረጉት።

አጻጻፉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቦታው ይጻፋል፤ ቀጥሎ እጁ፤ እንቅስቃሴው ከመስመሩ ከፍ ብሎ በትንሹ ይቀመጣል። ሁለት እንቅስቃሴዎች ተከታትለው ሲመጡ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በአንድ ጊዜ ሲሠሩ አንዱ ከሌላው በላይ ይደረባል። በላዩ ነጠብጣብ ያለበት ፊደል ጣቶቹ ጎበጥ ማለታቸውን ይናገራል። አንድ ምልክት ከአራትና ከአምስት መለያ ብዙም ሳይበልጥ ገጹ ላይ ይቆማል። ሥዕል የለም። ያነበበው እጅ ሊሠራው ይችላል።

ይህን ለማድረስ ትዕግሥት የጠየቀው የካስተርላይን ድርሻ ነው። በ1928 ሆኖሉሉ፣ ሃዋይ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው መስማት ተሳናቸው፤ በ1958 ከጋሎዴት ተመረቁ። ምልክቶቹን እየመረመሩ ወደ መለያ ጽሑፍ የመመለሱ ሥራ በእሳቸው ላይ ወደቀ። ምዝገባዎቹ ከ2,000 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ቦታው፣ ቅርጹና እንቅስቃሴው በትክክል መለየት አለበት። አንዱ ከተሳሳተ ምልክቱ የሌላ ምዕራፍ ይሆናል፤ ፈላጊውም አያገኘውም። ሥራው ሁሉ የቆመው ቋንቋውን በየቀኑ በሚናገር ሰው ዓይን ላይ ነው። ስቶኪ ራሳቸው ምልክት ሲናገሩ የተዋጣላቸው አልነበሩም። በሽፋኑ ላይ ሦስት ስም መስፈሩ ተገቢ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የሚጠራው ግን የስቶኪ ብቻ ነበር። ጋሎዴት ለካስተርላይንና ለክሮነበርግ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ2022 ነው።

በቦታ መደርደር አንድ ያልተጠበቀ ነገርም ያወጣል። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የሴት ዘመዶች ስም በታችኛው የፊት ክፍል፣ የወንድ ዘመዶች ስም በግንባር አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ እናትና ሴት አያት በአገጭ ምዕራፍ፣ አባትና ወንድ አያት በግንባር ምዕራፍ ይሰበሰባሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አያቶች ጎን ለጎን፣ እናትና አባት ደግሞ ርቀው ይቀመጡ ነበር። ቋንቋው ዘመድን እንዴት እንደሚመድብ በአደራደሩ ብቻ ይታያል።

ከቃላቱ ጀርባ የክሮነበርግ ጽሑፎች በአባሪነት ተያይዘዋል። መጽሐፉን ለባህል አንባቢ የሚያስፈልግ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። ክሮነበርግ ስዊድን ተወልደው አሜሪካ የገቡ፣ በጋሎዴት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። አንዱ ጽሑፋቸው መስማት የተሳናቸውን እንደ አንድ የቋንቋ ማኅበረሰብ ይገልጻል፤ የት እንደሚማሩ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኙ፣ ማንን እንደሚያገቡ። ሕክምና አይደለም የሚተርኩት፤ ኑሮ ነው። ሌላው ስለ ቀበልኛ ነው። በሰሜን ካሮላይናና በቨርጂኒያ የሚሠሩ ምልክቶችን ከሜይን፣ ከኒው ሃምፕሸርና ከቨርሞንት ጋር አስተያዩ። በደቡብ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ጥቁሮችና ነጮች ለብዙ ነገሮች የተለያየ ምልክት እንዳላቸውም መዘገቡ። ምክንያቱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ በዘር ተለይተው ነበር የሚማሩት።

ሥራው ጉድለት የለበትም አልልም። መዳፍ ወዴት እንደዞረ ራሱን የቻለ ክፍል አልተሰጠውም፤ ይህ በኋላ በሌሎች ተጨምሯል። የፊት ገጽታም ከ55ቱ ውስጥ የለም። የቅንድብ መነሣት በዚህ ቋንቋ ዓረፍተ ነገርን ጥያቄ ስለሚያደርግ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ የተጨመረው ሁሉ የተጨመረው በዚሁ አደራደር ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የካሮል ፓደንና የቶም ሃምፍሪስ የ1988 መጽሐፍ ይነበብ። ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ሕዝብ ከውስጥ ሆነው ነው የሚጽፉት። ክሮነበርግ በጥቂት ገጽ የጠቆሙትን እነሱ በሰዎች ታሪክ ያሰፉታል። የቀበልኛውን ነገር መከታተል የሚሻ ደግሞ በ2011 በካሮሊን ማካስኪልና ባልደረቦቻቸው የወጣውን የጥቁር አሜሪካውያን ምልክት ቋንቋ ጥናት ያገኛል። ከቪዲዮ ጋር ነው የታተመው፤ ስለዚህ የተጻፈውን ከእጁ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጥናቱ ከለካቸው ነገሮች አንዱ «ማወቅ» የሚለውን ዓይነት ምልክት ይመለከታል። ምልክቱ የሚሠራው ግንባር ላይ ነው፤ ሲለመድ ግን ወደ ጉንጭ ዝቅ ይላል። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮቹ ተናጋሪዎች ከነጮቹ ይልቅ ምልክቱን ግንባር ላይ አቆይተውታል፤ በሁለት እጅ የሚሠራውንም ወደ አንድ እጅ የሚያሳጥሩት ከነጮቹ ባነሰ መጠን ነው።