ከሚሲሲፒ እስከ ሁሩሙ፦ ንቀትን የሚጋፈጡ የልጆች መጻሕፍት

በዚህ እትም ስለ ሦስት መጻሕፍት ላጫውታችሁ። ሁለቱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የሦስተኛው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከእኛው ደጅ፣ ከመቱ ብዙም ከማትርቀው ከሁሩሙ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ እንመዝናቸው፦ በዘሩና በቀለሙ የተናቀው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የሚታዘንለት ብቻ ነው ወይስ ራሱ ይናገራል?

የመጀመሪያው ሀሪየት ቢቸር ስቶው እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመችው «የአጎቴ ቶም ጎጆ» ነው። ለልጆች ተብሎ ባይጻፍም እያሳጠሩ ለልጆች ሲያቀርቡት ኖረዋል። ደራሲዋ የሰባኪ ልጅ ነበረች። ባርነት ኃጢአት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱ አንባቢዎቿ ሳትፈራ ነገረቻቸው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ቶም የሸሹትን ሴቶች አላጋልጥም ብሎ እስከ ሞት መጽናቱም ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ ስቶው በየመሐሉ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ገሮችና ታዛዦች እንደሆኑ አድርጋ ትናገራለች። ታዝንላቸዋለች፤ የምታዝንላቸው ግን ከላይ ወደ ታች እያየች ነው። እንባ ብቻውን ንቀትን እንደማያጠፋ ከዚህ መጽሐፍ እንማራለን።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሚልድረድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣችው፣ በማግሥቱም ዓመት የኒውቤሪን ሽልማት ያገኘችበት ነው። ርእሱን በአማርኛ «ነጎድጓድ ሆይ ተንከባለል፣ ጩኸቴን ስማ» ልንለው እንችላለን። ደራሲዋ ራሷ ጥቁር ናት፤ ታሪኩን የምትነግረንም ኬሲ የምትባል ጥቁር ልጅ ናት። ዘመኑ 1933፣ ቦታው ሚሲሲፒ ነው። ትንሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት በገባበት የመጀመሪያ ቀን አሮጌና የቆሸሸ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ከሽፋኑ ውስጥ ማን ማን እንደተማረበት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። መጽሐፉ ደህና ሳለ የነጭ ልጆች ሲማሩበት ቆይተዋል። ካለቀለት በኋላ ግን ለጥቁር ተማሪ ተላልፏል፤ በዘር መመዝገቢያው ላይም ጥቁሮችን የሚያዋርድ መጠሪያ ተጽፏል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ያንን ቃል ሲያነብ መጽሐፉን ወርውሮ ይረግጠዋል። ኬሲ ነገሩን ለመምህርቷ ብታስረዳም ሁለቱም ይገረፋሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የገረፈቻቸው መምህርት ነጭ አይደለችም፤ እንደ እነርሱው ጥቁር ናት። ቃሉን ለምዳዋለች፤ ስለዚህ ምኑ እንደሚያስቆጣ አልገባትም። የመጽሐፉን ትልቅነት የማየው በዚህ ነው፤ ክፋት ከሩቅ ሰው ብቻ እንደሚመጣ አድርጎ አይነግረንም። የለመድነው ስድብ ስድብ አይመስለንም።

እኛስ? ከጋምቤላ የመጣ ወንድም በመናኸሪያ፣ አንዳንዴም በጸሎት ቤት ግቢ ሲያልፍ «ባሪያ» የምትለዋን ቃል በሹክሹክታ አልሰማንም? የሸክላ ሠሪ ወይም የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ስትታሰብ «ዘሯ ምንድን ነው?» ተብሎ አልተጠየቀም? ጥያቄው ከአማኝ አፍ ሲወጣ አሜሪካን መውቀሱ ምን ይረባናል?

ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ እንምጣ። በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፤ ከእናቱም ነጥቀው ሸጡት። ከስምንት ጌቶች እጅ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ እዚያው አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ተማረ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ከሊሙ የተወሰዱት አስቴር ጋኖም በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ሲጓዙ በ1886 የጣሊያን መርከቦች አስጥለዋቸው ወደዚያው ትምህርት ቤት ገቡ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። አስቴር የወገናቸውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል ጽፈው ነበር፤ ብዙዎቹ በዚህ መጽሐፍ ገቡ። እንደ ዕቃ የተሸጡ ሰዎች የአያቶቻቸውን ጥበብ ለልጆች አስረከቡ። ለንቀት ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። ሊታዘንላቸው የሚገቡት ሰዎች አስተማሪ ሆነው ቀረቡ።

ይሁን እንጂ እኛ ታሪካቸውን ስንነግር ሁለት ነገር እናጎድላለን። አንደኛ፣ በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኦኔሲሞስን ስም እናነሣለን፤ በትርጉሙ የደከሙትን፣ በኋላም በነጆ ያስተማሩትን አስቴርን ግን እንዘነጋለን። ሁለተኛ፣ ልጁን ከእናቱ የነጠቁት ከባሕር ማዶ የመጡ ነጮች እንዳልነበሩ አንናገርም። የአገሩ ሰው ነው የሸጠው። በአገራችን የባርነት መሻሪያ አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን አናሲሞስ የተባለው ባሪያ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመለስ ጳውሎስ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ጠየቀ። እንዲራራለት ብቻ አልለመነም፤ ጳውሎስን ራሱን እንደሚቀበል አድርጎ እንዲቀበለው ነገረው። በሁሩሙው ልጅ ላይ ያንን ስም ያወጡለት ይህን ሳያስቡ አልቀሩም።

ስለዚህ በወጣቶች ኅብረታችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። በሚቀጥለው የንባብ ምሽት የአኙዋክ፣ የኑዌር ወይም የማጃንግ ተወላጅ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ጋብዙ። የደረሰበትን መከራ እንዲዘረዝር አትጠይቁት፤ አያቱ የነገሩትን ተረት እንዲያወራላችሁ ጠይቁት። ጻፉት፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ለልጆች አንብቡት።

በቴይለር መጽሐፍ የኬሲ እናትም አስተማሪ ናት። ነገሩን ስትሰማ ማንንም አልጠበቀችም፤ ወረቀት በልኩ ቆርጣ በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ያንን ሰንጠረዥ በሙጫ ሸፈነችው። የእኛን ስድብ ወረቀት አይሸፍነውም፤ ከአፋችን ነውና የምናወጣው። ቅዳሜ ኅብረት ስትሰበሰቡ ከራሳችሁ ጀምሩ።